ትንሿ መኪናችን የምትጎትተው ቤት

ቡላኦስ ውስጥ «ተሳቢ» ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ከወደብ ጭኖ በፒኬ 12 በኩል ወደ ጋላፊ የሚያቀናው የአገራችን ከባድ መኪና ከኋላው የሚያስከትለውን። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ቤተሰባችን ተሳቢ ሊገዛ ነው የሚል ወሬ በሰፈር ሲሰማ ጎረቤቶቻችን አባታችንን «ስንት ኩንታል ይጭናል?»፣ «ሹፌርስ አገኙ?» እያሉ ይጠይቋቸው ነበር። አንድ ባለሱቅማ ስንዴ ልንነግድ መስሎት ዋጋ ተደራደረን። እኛ ስንፈልግ የነበረው ግን ከቤት መኪና ኋላ ታስሮ የሚሄድ፣ አልጋ ያለው፣ ቤተሰብ የሚያድርበት ትንሽ ተጎታች ነበር። ፈረንጆቹ ካራቫን ይሉታል።

«እኛ» ስንል ወንድምና እህት ነን፤ አንዳችን 11ኛ፣ አንዳችን 9ኛ ክፍል። ግዢው የወላጆቻችን ነው። ሂሳቡን የሠራነው ግን እኛ ስለሆንን፣ ለዘንድሮው የትምህርት ቤታችን መጽሔት ምን እንጻፍ ስንባል ሌላ ነገር አልታየንም።

መጀመሪያ ለምን እንዳስፈለገን። እዚህ የሚኖር ሁሉ እንደሚያውቀው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ካምሲን የሚባለው ደረቅና ትኩስ ነፋስ ከምዕራብ ይነፍሳል። ቀኑ 40 ዲግሪን ያልፋል፤ ብዙ ሌሊት ደግሞ ከ30 በታች አይወርድም። ወጣት ሰው ቆርቆሮው ሥር ላቡን እየጠረገ ያድራል። አያታችን ግን ደም ግፊት አለባቸው፣ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። አምና ክረምት ሦስት ሳምንት ያህል ተቀምጠው ነው ያደሩት፤ መብራት ሲጠፋ እኛ በየተራ በካርቶን እናራግብላቸው ነበር። ያኔ የተነሳው ሐሳብ በዚህ ዓመት ለሦስት ወር ከናጋድ በባቡር አሳፍረን ድሬዳዋ ወደ አክስታችን እንላካቸው የሚል ነበር። እማማ ይህን ሲሰሙ ምንም አላሉም። በማግስቱ ግን ነጠላቸውን አጥበው፣ ሻንጣቸውን አውጥተው፣ በሩ አጠገብ አስቀምጠው ዝም አሉ። ቤቱ ሁሉ ተረበሸ። እናታችን ሻንጣውን መልሰው አስገቡት።

አባታችን «አርታስ?» ያሉት በዚያ ሳምንት ነው። አርታ ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ተራራው ላይ ወደ 700 ሜትር ከፍታ ይወጣል። በጂኦግራፊ እንደተማርነው በየ1,000 ሜትሩ አየሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ አርታ ላይ ከቡላኦስ 4 ዲግሪ ከፍ ያለ ልዩነት አለ ማለት ነው፤ ነፋሻማነቱ ሲጨመር ደግሞ ለሚተኛ ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን እዚያ ቤት መከራየት ለእኛ አይሞከርም። ድንኳን ተክሎ መሬት ላይ መተኛት ደግሞ ለእማማ ጉልበት አይሆንም፤ ሲነሱ ሁለት ሰው ማንሳት አለበት። ስለዚህ ጥያቄው ጠበበ፤ ከመሬት ከፍ ያለ አልጋ ያለውና በትንሿ መኪናችን ተጎትቶ አርታ የሚወጣ ነገር ይገኛል ወይ? ከተገኘ እማማ በየሳምንቱ ሐሙስና ዓርብ ሌሊት ይተኛሉ፣ ቤተሰቡም አይበተንም። ገንዘቡ የእናታችን ዕቁብ ነው፤ ዘንድሮ ዕጣ ደርሷቸው ነበር።

ሰዎች መጀመሪያ ተጎታቹን አይተው፣ ወድደው፣ ከዚያ መኪናው ይችለው እንደሆነ ይጠይቃሉ። አባታችን በተቃራኒው ከመኪናዋ ጀመሩ። የሾፌሩን በር ከፍተው ምሰሶው ላይ ያለችውን ትንሽ የብረት ሰሌዳ አሳዩን። በብዙ መኪና ላይ አለች፤ እስካሁን አይተናት አናውቅም ነበር። አራት ቁጥር ተጽፎባታል። የእኛዋ 1,850፣ 3,050፣ 930 እና 1,000 ትላለች። የመጀመሪያው መኪናዋ ሰውና ዕቃ ጭና ሊኖራት የሚችለው ከፍተኛ ክብደት ነው። ሁለተኛው መኪናዋና ተጎታቹ አንድ ላይ ሆነው ማለፍ የሌለባቸው ነው። ሦስተኛውና አራተኛው የፊትና የኋላ አክስል የሚችሉት ናቸው። ሁለተኛው ላይ የመጀመሪያውን ቀንሱ፤ 1,200 ኪሎ። መኪናችን መጎተት የምትችለው ይህን ነው፤ ያውም ተጎታቹ የራሱ ፍሬን ካለው። ፍሬን ለሌለው ተጎታች የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ የሚፈቅደው 600 ኪሎ ብቻ ነው። የመጎተቻው ኳስ ደግሞ ወደ ታች ሲጫኑት የሚችለው 75 ኪሎ ነው። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች የደብተራችን ሽፋን ላይ በትልቁ ጻፍናቸው፤ 1,200፣ 600፣ 75።

ቀጥሎ እኛ ራሳችን ሚዛን ላይ ወጣን። ነገሩ የሚያስቅ ይመስላል እንጂ ዋናው ነው። መኪናዋ ነዳጅ ሞልታ፣ ሰው ሳይገባባት 1,400 ኪሎ ትመዝናለች፤ እስከ 1,850 የቀራት 450 ነው። አምስታችን አንድ ላይ 297 ኪሎ ሆንን። (የእናታችን ቁጥር ተለይቶ እንዳይጻፍ ቃል ስለገባን ድምሩን ብቻ ነው የምናወጣው።) የቀረው 153 ነው። ተጎታቹ ኳሱ ላይ የሚያሳርፈው ክብደት የሚቆጠረው ከመኪናዋ ጭነት ነው፤ እሱ 75 ቢሆን ለሻንጣ የሚቀረን 78 ኪሎ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ይመስለናል። መኪናው «1,200 ይጎትታል» ሲባል ሰው ሁሉ ኋላውን ነው የሚያየው፤ ውስጡ የተቀመጠውን ቤተሰብ ማንም አይመዝንም።

ፈተናው የመጣው በዚህ መካከል ነው። አገር ሊለቅ የነበረ አንድ የውጭ አገር ቤተሰብ ካራቫኑን በርካሽ ሊሸጥ እንደሆነ ሰማን። ሄደን አየነው። እውነቱን ለመናገር ልባችን ቆመ። ሁለት ሰፊ አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣ፣ ጣሪያው ላይ የተገጠመ ኤርኮንዲሽነር፣ ከሁሉም በላይ ሽንት ቤት ነበረው። እማማ ገብተው በሩን ዘግተው ከፈቱትና «ይኼ ነው ቤት ማለት» አሉ። ሰውየው ጥሩ ሰው ነው፤ ወረቀቱን አውጥተው አሳዩን። ባዶው 1,080 ኪሎ ነው። «መኪናችሁ 1,200 ትጎትታለች፤ 120 ይተርፋችኋል» አሉ። ሌላ ገዢ ስላለ ሦስት ቀን ሰጡን።

እነዚያ ሦስት ቀናት በቤታችን ረጅም ነበሩ። እናታችን ዕቁቡ ሙሉ በሙሉ ቢሄድም የሚያስቆጭ አይደለም የሚል ሐሳብ ነበራቸው። እማማ በቀን ሁለት ጊዜ ስለዚያ ሽንት ቤት ያነሱ ነበር። እኛ ደብተራችንን ይዘን ተቀመጥን። «ባዶ» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ መጠየቅ ነበረብን። ፋብሪካው ባዶ የሚለው ከፋብሪካ ሲወጣ ነው። ኤርኮንዲሽነሩ በኋላ የተገጠመ ስለሆነ እዚያ ውስጥ አልተቆጠረም፤ 35 ኪሎ። ባትሪው 22። ከጎኑ የሚዘረጋው ጥላ 30። ሙሉ የጋዝ ሲሊንደር 25። ከዚያ ውሃ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ጅቡቲ ውስጥ ደግሞ ውሃ ሳይዙ ከቤት አይወጣም። አራት ባለ20 ሊትር ጀሪካን ከነፕላስቲኩ 84 ኪሎ። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ ምግብ፣ ወንበር 90። ድምሩ 286 መጣ። 1,080 ሲደመርበት 1,366። ከሚፈቀደው በ166 ኪሎ ይበልጣል። ኳሱ ላይ የሚያርፈውም በ10 በመቶ ቢሰላ 137 ይሆናል፤ የእኛ 75 ነው።

ቁጥሩን ይዘን ወደ አጎታችን ሄድን። አጎታችን ሲኖትራክ ከነተሳቢው ከጅቡቲ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሲያመላልሱ ብዙ ዓመታቸው ነው። በልጅነታቸው የፊያት ኤን3 ረዳት ሆነው ነው የጀመሩት። ደብተራችንን ካዩ በኋላ «መጎተትማ ትጎትተዋለች» አሉ። «አህያም ብትገፏት ታንቀሳቅሰዋለች። መጎተት ቀላል ነው፤ ችግሩ ማቆም ነው። ከአርታ ስትወርዱ ያ ቤት አባታችሁን ቅደም አትቅደም እያለ ይከራከራቸዋል።» ከዚያም ከባድ ነገር ቀላልን ሲገፋ ምን እንደሚሆን በሁለት የሻይ ብርጭቆና በአንድ የስኳር ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አሳዩን። የስኳር ዕቃው ብርጭቆውን ወደ ጎን አዞረው። በሹፌሮች ቋንቋ መኪናው «ታጠፈ» ይባላል።

በአውሮፓ ካራቫን የሚጎትቱ ሰዎች የሚከተሉት አንድ ልማድ እንዳለ አባታችን አንብበው ነበር፤ ለጀማሪ የተጫነው ተጎታች ከመኪናው ባዶ ክብደት 85 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። ለእኛ 1,190 ይመጣል። ካራቫኑ በዚህም በዚያም አላለፈም።

ሌላው ነገር ነፋስ ነው። አሊ ሳቢህ የሄደ ሰው ግራንድ ባራን ያውቀዋል፤ ጠፍጣፋ፣ ዛፍ የሌለበት፣ አቧራው እንደ ውሃ የሚፈስ ሜዳ። ነፋሱ ከመበርታቱ የተነሳ ሰዎች ጎማ ባለው ነገር ላይ ሸራ ሰቅለው እንደ ጀልባ ይጋልቡበታል፤ የጅቡቲ ታዋቂ ስፖርት ነው። አሁን አስቡት፤ ሁለት ሜትር ተኩል ከፍታ ያለው ግድግዳ ከትንሽ መኪና ጀርባ ታስሮ በዚያ ሜዳ ዳር ሲያልፍ እሱም ሸራ ነው። በዚያ ላይ ከጎን የሚያልፉት ተሳቢዎች የሚገፉት አየር አለ። ተጎታች መወዛወዝ ከጀመረ ፍሬን በኃይል መርገጥ ነገሩን ያባብሳል፤ አጎታችን ያስተማሩን መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ እግርን ከነዳጅ ላይ ቀስ ብሎ ማንሳት ነው። ቢሆንም ቀድሞውኑ የማይወዛወዝ መምረጥ ይሻላል አሉ።

በሦስተኛው ቀን አባታችን ለሰውየው ደውለው አመስግነው «አይሆነንም» አሉ። እማማ ትንሽ ዝም ብለው «የማይሸከሙትን ድንጋይ ስመው ያልፉታል» አሉ። ያም ሆኖ እራት አልበሉም።

ከዚያ በኋላ ያየናቸው ሁለት ነበሩ፤ ሁለቱም ከአውሮፓ በኮንቴይነር ከመጣ አሮጌ ዕቃ መካከል የተገኙ ታጣፊ ተጎታቾች። ታጣፊ ማለት በመንገድ ላይ ሲሄድ እንደ ሳጥን ዝቅ ያለ ነው፤ ሲቆም ክዳኑ ይነሳና ከግራና ከቀኝ አልጋ እንደ መሳቢያ ይወጣል፣ ግድግዳውና ጣሪያው ሸራ ነው። መጀመሪያ ስናየው ተናደድን፤ ከዚያ ካራቫን በኋላ ድንኳን መስሎ ታየን። እናታችን ግን እጃቸውን በሸራው መስኮት አስገብተው «ይኼ ይናፈሳል» አሉ። እውነት ነው። የቆርቆሮና የፕላስቲክ ግድግዳ ያለው ቤት ያለ ኤርኮንዲሽነር በጅቡቲ ፀሐይ ምድጃ ነው፤ ኤርኮንዲሽነር ደግሞ መብራት ይፈልጋል። እኛ አርታ የምንወጣው ለነፋሱ ከሆነ ነፋስ የሚያስገባ ቤት ነው የሚያስፈልገን። አልጋው ከመሬት የሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ እማማ በአንዲት በርጩማ ረግጠው ቁጭ ብለው ይወጡበታል። ሞከሩት። ሁለት ጊዜ ወጥተው ወረዱ።

ሁለቱ ታጣፊዎች ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው። አንደኛው ፍሬን የለውም፣ ዋጋውም በጣም ይቀንሳል። ሁለተኛው ባዶው 420 ኪሎ፣ ተጭኖ እስከ 750 የሚደርስ፣ የራሱ ፍሬን ያለው ነው። በአውሮፓ ሕግ እስከ 750 ኪሎ የሆነ ተጎታች ፍሬን እንዲኖረው አይገደድም፤ ሻጩም ደጋግሞ ያለን ይህንኑ ነው። ግን ሕጉ የሚናገረው ስለ ተጎታቹ ነው፤ መኪናችን የምትናገረው ስለ ራሷ ነው፤ 600 ትላለች። ስለዚህ የምንጭነውን በትክክል ማወቅ ነበረብን።

የሰፈራችን ባለሱቅ (ያው ስለ ስንዴ የጠየቀን) የጆንያ ሚዛኑን ለአንድ ከሰዓት አዋሰን። ዕቃ ሁሉ ደጅ ወጣ። ሰፈሩም ወጣ። ጀበናዋ 1 ኪሎ ከ300 ግራም ስትመዘን የሕፃናቱ ጭብጨባ አይረሳንም። ሦስት ጀሪካን ውሃ 63፣ ትንሿ የጋዝ ሲሊንደር 13፣ ፍራሾችና ጋቢዎች 34፣ ጠረጴዛና ወንበር 21፣ የወጥ ቤት ዕቃ ከነጀበናው 18፣ ምግብ 22፣ መለዋወጫ ጎማ 14፣ ክሪክና መፍቻዎች 9። በተጨማሪም እማማን ያስኮረፈው ጉዳይ መፍትሔ አግኝቶ ነበር፤ ባልዲ ያለው ታጣፊ የሽንት ቤት ወንበርና እሱን የምትከልል ጠባብ ድንኳን፣ 12 ኪሎ። ድምር 206። ከ420 ጋር 626።

ፍሬን የሌለውን ከመረጥን በ26 ኪሎ እናልፋለን ማለት ነው። 26 ኪሎ ትንሽ ነው፤ አንድ ጀሪካንና አንድ ወንበር ቢቀር አለቀ። ይህንን ያልነው እኛ ነን፤ የዋጋው ልዩነት ትልቅ ነበርና። አባታችን «ለመሆኑ የትኛውን ጀሪካን?» ብለው ጠየቁ። እናታችን ደግሞ ሰው ለጉዞ ሲነሳ በመጨረሻው ደቂቃ ምን ያህል ዕቃ እንደሚጨመር ከእኛ በተሻለ ያውቃሉ። ፍሬን ያለው ተገዛ። ከዕቁቡም ግማሽ ገደማ ተረፈ።

ፍሬኑ አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሽቦም ኤሌክትሪክም አያስፈልገውም። መኪናው ሲቀንስ ተጎታቹ ወደ ፊት ይገፋል፤ ያ ግፊት መያዣው ውስጥ ያለውን ዘንግ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ዘንጉም የተጎታቹን ፍሬን ይይዛል። ማለትም ተጎታቹ በገፋ መጠን ራሱን ያቆማል። የፊዚክስ መምህራችን የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ ሲያስተምሩ ይህን ምሳሌ ቢጠቀሙበት ደስ ይለናል። ከዚህ ሌላ አንዲት ቀጭን የሽቦ ገመድ አለች፤ ተጎታቹ ከመኪናው ቢላቀቅ ትሳብና ፍሬኑን ትይዘዋለች። በየጉዞው እሷን የሚያስረው የ9ኛ ክፍሉ ነው፤ የ11ኛ ክፍሏ ታረጋግጣለች።

ስለ ኳሱ አንድ ነገር መጻፍ አለብን፤ እዚህ አገር የፈረንሳይም የአሜሪካም ዕቃ ጎን ለጎን ስለሚገኝ ለሌላ ሰው ይጠቅማል። የአውሮፓው ኳስ 50 ሚሊ ሜትር ነው። የአሜሪካው ሁለት ኢንች፣ ማለትም 50.8። በዓይን አይለዩም። ለ50 የተሠራ መያዣ ግን በ50.8 ኳስ ላይ እንደሚገባው አይቆለፍም። ካሊፐር ከብየዳ ቤት ተውሰን ለክተናል፤ የእኛው 50 ነው።

ጎማዎቹ ጥርሳቸው አዲስ ነበር። ሻጩም «ያልተነካ ጎማ» አለን። አጎታችን ግን ጎንበስ ብለው ከጎማው ጎን ላይ አራት አኃዝ አነበቡ፤ 2311። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት የተሠራ። የተጎታች ጎማ አያልቅም፤ ቆሞ ፀሐይ ሲመታው ከውስጥ ይደርቃል። በዚህ ሙቀት ደግሞ አስፋልቱ ራሱ ያቃጥላል። ሁለቱም ተቀየሩ። ከዕቁቡ የተረፈው ከዚህ ላይ ነው ትንሽ የተነካው።

የቀረው አጫጫን ነበር። ክብደቱ ወደ ኋላ ከበዛ የተጎታቹ አፍንጫ ይቀላል፣ ጅራቱም ይወዛወዛል። ወደ ፊት ከበዛ የመኪናዋን ኋላ ይጫናል፤ እንደ መፈንቅል ፊቷን ያነሳዋል፣ መሪውም ይቀላል። ኳሱ ላይ የሚያርፈው ከተጎታቹ ክብደት 10 በመቶ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው ይባላል። የመታጠቢያ ቤት ሚዛናችንን መሬት ላይ አድርገን፣ በላዩ ግንድ አቁመን፣ አፍንጫውን አሳረፍንበት። 48 ኪሎ አለ፤ 8 በመቶም አይሞላም። ሦስቱን ጀሪካኖች ከኋላ አውጥተን ከአክስሉ ፊት ለፊት አስቀመጥናቸው። 66። ከ75 በታች፣ ከ10 በመቶ ትንሽ በላይ። እማማ በመስኮት ሆነው «ጨረሳችሁ ወይስ እኔንም ልትመዝኑ ነው?» አሉን። ቀድሞ ተመዝነው እንደነበር አስታወስናቸው።

በመጀመሪያው ሐሙስ አባታችን ከዋናው መንገድ ወደ አርታ ሲገነጠሉ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብለው ወጡ፤ የሙቀቱን መለኪያ ቀስት የምትጠብቀው የ11ኛ ክፍሏ ነበረች። ከመካከል በላይ አልወጣችም። ሲወርዱም በዚያው ማርሽ ነው፤ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚለውን ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል። ታጣፊውን ለመክፈት የመጀመሪያው ቀን 50 ደቂቃ ፈጀብን፤ አሁን 15 ይበቃል። ያን ሌሊት ነፋሱ ሸራውን እያንኳኳ አደረ። እኛ ብዙም አልተኛንም፤ ድምፁን አልለመድነውም። እማማ ግን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ጋቢ ለብሰው ተኙ። ጋቢ! በሐምሌ! እናታችን ሁለት ጊዜ ተነስተው ትንፋሻቸውን አዳምጠዋል።

አሁን የቤቱ ወሬ የሚቀጥለው ክረምት ነው፤ ድሬዳዋ አክስታችን ጋ፣ ከዚያም ሐረር። የድንበሩን ወረቀት አባታችን እያጣሩ ነው። እኛም ደብተሩን እንደገና ከፍተናል፤ ከፍታ ሌላ ሂሳብ አለውና። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ ይደክማል፤ የብዙ መኪና መመሪያ መጽሐፍ በየ1,000 ሜትሩ ከመኪናውና ከተጎታቹ ድምር ላይ 10 በመቶ ቀንሱ ይላል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ያህል ነው፤ የእኛ 3,050 ወደ 2,745 ይወርዳል፣ ችግር የለውም። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ግን በደንገጎ ነው የሚወጣው፤ እዚያ 2,000 ሜትር ይደረሳል፣ የተፈቀደውም 2,470 ይሆናል። እኛ ከነሙሉ ጭነታችን፣ መኪናዋ ከሰውና ከሻንጣ ጋር 1,784፣ ታጣፊዋ 626፣ በድምሩ 2,410 ነን። የቀረን 60 ኪሎ ነው።

እናታችን ለሐረር ዘመዶች ይዘን እንሄዳለን ብለው የጀመሩት የስጦታ ዝርዝር እስከ ትናንት ማታ 74 ኪሎ ደርሷል።